ጋምቤላ 1933፦ የአጋርነት ስንቅና ተሸካሚዎቹ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የታሪክ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የመንግሥታት የጋራ ጸጥታና መከላከያ ጉዳይ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ተማሪዎቻችን አስቀድመው የሚጠሩት ብራስልስን ነው። የሰሜን አትላንቲክን ቃል ኪዳን አንቀጽ 5 በቃላቸው ይወጡታል። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር ፓሪስ በተጠቃች ጊዜ ፈረንሳይ የአውሮፓ ኅብረትን ውል አንቀጽ ጠቅሳ የአባል አገሮችን እርዳታ እንደ ጠየቀችም ያስታውሳሉ። ይህን ማወቃቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ባሮን የሚመለከት ሰው የአጋርነትን ነገር ለመመርመር ብራስልስ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። በ1933 ዓ.ም. ከብራስልስ የሚታዘዝ መንግሥት እንኳ ሳይኖር የቤልጂየምን ሰንደቅ የያዘ የኮንጎ ጦር እዚህ ድረስ መጥቶ ተዋግቷል። የዛሬው ገለጻዬ ስለዚያ ዘመቻ ነው። ካልገለጽሁ በቀር ዘመናቱን የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ወሰን በተዋዋሉበት ሰነድ አራተኛው አንቀጽ ላይ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቅዶ ነበር። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ግን እዚሁ ጋምቤላ ነው። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚህ ይዘልቁ ነበር፤ የወለጋና የኢሉባቦር ቡናም በእነርሱ ይወጣ ነበር። ከውሉ ሁለት ነጥቦችን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል መከልከሉ ነው። ሁለተኛው ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ጦርነት አፈረሰው፤ ሁለተኛው ግን ዘግይቶም ቢሆን ተፈጸመ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን በአንዱ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደ ተቃጣ ይቆጠራል የሚል ነበር፤ የጋራ ደኅንነት ከዚያ በፊት በዚህ ግልጽነት ተጽፎ አያውቅም። ማዕቀብም ተጥሎ ነበር። ነዳጅ ከማዕቀቡ ቀረ፤ የሱዌዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቆመው በተናገሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማዕቀቡ ተነሣ። በዚያው ክረምት ራስ እምሩ ጎሬ ላይ ሆነው የተረፈውን መንግሥት ለማቆየት ይታገሉ ነበር። ከወለጋ የኦሮሞ መኳንንት ከፊሎቹ ደግሞ በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል የማኅበሩን ሞግዚትነት ጠየቁ። ጥያቄያቸው የተመሠረተው በሕጉ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ሰሚ አላገኘም። ጎሬና ጋምቤላ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ዘመን ከሁለቱ አንዱ የመጨረሻው የመንግሥት መቀመጫ፣ ሌላው የመጨረሻው የመውጫ በር ነበረ።

እንግዲህ በ1928 ሕግ ነበረ፤ ጦር አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፦ ጦር መጣ፣ ለኢትዮጵያ ይዋጋ ዘንድ ያስገደደው ውል ግን አልነበረም።

የቤልጂየም አገባብ እንግዳ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1932 ዓ.ም. የቤልጂየም ጦር ለጀርመን እጁን ሰጠ። ንጉሡ ሊዮፖልድ ሦስተኛ ተማረኩ፤ ሚኒስትሮቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሲንገላቱ ቆይተው በመጨረሻ ለንደን ገቡ። በኮንጎ የነበረው ጠቅላይ ገዥ ፒየር ሪክማንስ ግን ቅኝ ግዛቱ ከተባባሪዎቹ መንግሥታት ጋር መቆሙን አስታወቀ። ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን ወደ ጦርነቱ ገባች፤ ቤልጂየም በእርስዋ ላይ ለመነሣት ግን ወራት አመነታች። ከምክንያቶቹ አንዱ የጋብቻ ዝምድና ነው፤ የቤልጂየሙ ንጉሥ እኅት የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ባለቤት ነበረች። በ1933 ዓ.ም. መባቻ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከቤልጂየም ምድር እየተነሡ እንግሊዝን መደብደብ ሲጀምሩ ግን ማመንታቱ አበቃ፤ ኅዳር 14 ቀን ሁለቱ አገሮች በጦርነት ላይ መሆናቸው ታወጀ። ልብ በሉ፦ ለዚህ ውሳኔ መነሻ የሆነው የአዲስ አበባ መያዝም፣ የየካቲት 12 እልቂትም አልነበረም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። አጋርነት ከየት እንደሚነሣ በሐቅ ማየት ስላለብን ነው።

ፎርስ ፑብሊክ የሚባለው የኮንጎ ቅኝ ግዛት ጦር በ1933 የካቲት ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ተንቀሳቀሰ። ከሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ በመኪና ወደ ጁባ፣ ከጁባ በነጭ ዓባይ ወደ መላካል፣ ከዚያም በየብስ ወደ ምሥራቅ፤ ይህ ከሺህ ኪሎ ሜትር እጅግ የበለጠ ጉዞ ነው። መጋቢት 2 ቀን አሶሳን ያዙ። በሌተና ኮሎኔል ቫን ደር ሜርሽ የሚመራው ክፍል ደግሞ ወደ ጋምቤላ ወረደና መጋቢት 14 ቀን ከብርቱ ውጊያ በኋላ ከተማዪቱን ያዘ። ኢጣሊያኖቹ ወደ ሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምንለው አፋፍ፣ አፈገፈጉ። በሚያዝያ በቦርታይ ወንዝ ላይ እንደ ገና ተጋጠሙ፤ ኮንጎዎቹ አፋፉን ለመውጣት የሚበቃ ኃይል ግን አልነበራቸውም።

የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። መልክዓ ምድሩን ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ነው፤ ሳዮ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ኢጣሊያኖቹ ከላይ ናቸው፤ በቁጥር ይበልጣሉ፤ እህል አምራች ደጋ ከጀርባቸው አለ። ኮንጎዎቹ ከታች ናቸው፤ ስንቃቸው የሚመጣው ከሌላ አገር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ባሮ ለመርከብ አይበቃም፤ ስለዚህ ስንቁ በመኪና መምጣት አለበት። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ጥቁሩ መሬት መኪናውን ይውጠዋል፤ ወንዙ ግን ገና አልሞላም። በሁለቱ መካከል ያሉት ሳምንታት፣ መንገድም ወንዝም የማይረባባቸው፣ የረኀብ ሳምንታት ናቸው። ዛሬም ቢሆን በዚህ ክልል ወደ ሩቅ ወረዳ እህል የሚያደርስ ሰው እነዚያን ሳምንታት ያውቃቸዋል።

ወታደሩ ራሽኑ ተቀነሰበት። ቤሪቤሪና ተቅማጥ ገባ። ቤሪቤሪ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ከምግብ ጉድለት የሚመጣ፣ እግርን የሚያሳብጥና ልብን የሚያደክም በሽታ ነው፤ በሕይወት የሚራመደውን ሰው ቀስ በቀስ ያቆመዋል። በዘመቻው በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ የዚያ ጦር ሰዎች ሞተዋል፤ የሚበዙት የሞቱት በጥይት ሳይሆን በበሽታ ነው። የወንዙ ሙላት እስኪመጣና ተጨማሪ ጦር እስኪደርስ ያ ሰራዊት ከአፋፉ ሥር አልተነቃነቀም። ከእርሱ የሚበልጠው ጠላትም ወርዶ አልበተነውም። ለምን አልወረደም? ከኋላው አርበኛው ነበራ! የኢትዮጵያ አርበኞች በየመንገዱ እየጠበቁ ስለሚመቱት ሳዮ ያለው የኢጣሊያ ጦር ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ብቻ ሳይሆን ዘወር ብሎ ጀርባውንም የሚጠብቅ ነበር። ስንቁን አርበኛው ባይሸከምም፣ ስንቁ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ የገዛው እርሱ ነው።

ከደቡብ በኩል፣ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ፣ ሌላ ትንሽ ጦርነት ነበረ። ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋሃ በጻፋቸው መጻሕፍት ሁላችሁም የምታውቁት አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የእንግሊዝን የመኮንን ልብስ ለብሶ ጥቂት የአኝዋሃ ተዋጊዎችን አሰልፎ ነበር፤ በኋላም ስለዚያ ዘመቻ ራሱ ጽፏል። ምሁሩን ዓለም ያውቀዋል። ጫካውን የሚያውቁት፣ መንገዱን የመሩት፣ የጠላትን ዱካ አይተው ወሬ ያመጡት አኝዋሃዎች ግን የየትኛው የተባባሪ መንግሥት ጦር አባል ተብለው እንደሚቆጠሩ የሚናገር ውል የለም። (የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች ስለ ተመራማሪና ስለ ተጠኚ ስትከራከሩ ይህን ዘመቻ ባትረሱት ይበጃል፤ መረጃ ሰጪውና ወታደሩ አንድ ሰው የሆነበት አጋጣሚ ነው።)

በሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በግንቦት የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጄ እጁን ሰጠ፤ በሰኔ ጅማ ተያዘች። ከምሥራቅ የሚገፋው የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ጦር፣ ከምዕራብ በሜጀር ጄኔራል ዢሊያርት የሚመራው የኮንጎ ጦር፣ በመካከል አርበኛው፤ ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ መውጫ አጣ። ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. በሳዮ እጁን ሰጠ፤ እርሱን ጨምሮ ዘጠኝ ጄኔራሎችና 370 መኮንኖች በቤልጂየም ሰንደቅ ሥር ተማረኩ። የአገሩ አልጋ ወራሽ አማች የሆነበት መንግሥት፣ በአውሮፓ ምድር አንዲት ጋሻ መሬት ያልቀረችው መንግሥት፣ በወለጋ አፋፍ ላይ የኢጣሊያን ጄኔራሎች መሣሪያ ተረከበ። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል።

ይህ ሁሉ አጋርነት ነው ወይስ ጥቅም? ባልደረቦቼ ይህን ጥያቄ ሲያቀርቡልኝ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ነው። ሚዛኑን አልቀበለውም። ለንደን ያለው የቤልጂየም መንግሥት በሰላሙ ጉባኤ ድምፅ እንዲኖረው ድል ያስፈልገው ነበር፤ እንግሊዝም የሱዳንን ወሰንና የቀይ ባሕርን መንገድ ማስከበር ፈለገች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከአፋፉ ሥር የተቀበረውን ሰው ሞት ግን ሐሰት አያደርገውም፤ ሳዮ ነፃ መውጣቷንም አይሽረውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። አንበሳው መታሰሩን እንተርካለን እንጂ ድሩን ማን ፈተለው፣ በስንት ተከፍሎት ብለን አንጠይቅም። በእኔ አስተያየት የአጋርነት መለኪያው የመጣው ሰው ለምን መጣ የሚለው ብቻ አይደለም። ሸክሙን ማን ተሸከመ፣ ተሸካሚውስ እንደ አጋር ተቆጠረ ወይ የሚለው ይበልጣል።

እስቲ ኮንጎዎቹን እንያቸው። ፎርስ ፑብሊክ በሊዮፖልድ ሁለተኛ ዘመን ሕዝቡን እያስጨነቀ ጎማ ያስለቅም የነበረ ጦር ነው። በ1933ም ወታደሩ ሁሉ ጥቁር፣ መኮንኑ ሁሉ ነጭ ነበር። ወታደሩ በገዛ አገሩ ድምፅ የለውም፤ ነፃነት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው የሰውን አገር ነፃ ሊያወጣ ተላከ። በ1936 ዓ.ም. በሉሉዋቡርግ የሰፈረ የዚሁ ጦር ክፍል በአዛዦቹ ላይ አመፀ። ድሉን ከተካፈለው ጦር መካከል ሌላውን ዓይነት ጥያቄ የሚያነሣ መገኘቱ አያስደንቅም።

ተማሪዎቼን ስለ እነዚህ ወታደሮች ስጠይቅ ብዙዎቹ ሰምተው አያውቁም። ኪንሻሳ ብትሄዱ ግን ጋምቤላ የሚባል ታዋቂ ገበያ አለ፤ ካሳቩቡ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። አሶሳና ሳዮ የሚባሉ ጎዳናዎችም አሉ። የከተማችንን ስም ጠርተው ልብስና አሣ የሚሸምቱ ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ እኛ የእነርሱን አያቶች ስም አናውቅም።

የኢትዮጵያስ አቋም? በገዛ አገሯ የተዋጋች አጋር ነበረች፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ለጊዜው የያዛት ከጠላት እንደ ተማረከ አገር አድርጎ ነው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ነፃነቷን ቢያውቅም ለእንግሊዝ አማካሪዎችና ለእንግሊዝ መልእክተኛ ልዩ ስፍራ የሰጠ ነበር። የተባበሩትን መንግሥታት መግለጫ የፈረመችው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው፤ ቤልጂየም ግን ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች። ጋምቤላም ከኢጣሊያ እጅ ስትወጣ የተመለሰችው ለሱዳን አስተዳደር ነበር። ከላይ ያልኋችሁ ሁለተኛው የውሉ ነጥብ የሠራው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ነው፤ በ1949 መጀመሪያ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ደሙ ከፈሰሰ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያም የሆነው የድሉ ዋጋ ተከፍሎ ሳይሆን በአሮጌው የምኒልክ ውል ነው። የውልን ቃላት አጥብቆ መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለሕግ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ኮንጎ ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የጄኔቭ ንግግር ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ባስታወስሁት ቁጥር ይገርመኛል። በቀናት ውስጥ ፎርስ ፑብሊክ አመፀ፤ መኮንኖቹ ዛሬም ሁሉ ነጮች ነበሩና። የተባበሩት መንግሥታት ጦር እንዲገባ ሲወሰን ቀድመው ከደረሱት መካከል የኢትዮጵያ ወታደሮች ይገኙበታል። ጠቅል ብርጌድ ከሰፈረባቸው ስፍራዎች ስታንሊቪል፣ የዛሬዋ ኪሳንጋኒ፣ አንዷ ናት፤ ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ጋምቤላ የዘመተው ጦር የተሻገረበት የሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ ዋና ከተማ። በኮሪያ የኢትዮጵያን ጦር የመሩት ከበደ ገብሬ በሌተና ጄኔራልነት ማዕረግ ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አጠቃላይ አዛዥ ሆኑ። ብድር መመለስ ነው ብዬ አላሳምረውም፤ ያዘዘው የጸጥታው ምክር ቤት እንጂ የጋምቤላ ትዝታ አልነበረም። ሆኖም ልዩነቱን ተመልከቱ። በ1933 ሳዮ የመጣው አፍሪካዊ የሌላ ሰው ሰንደቅ ይዞ ነበር፤ በ1952 ስታንሊቪል የገባው አፍሪካዊ የራሱን መንግሥት ውሳኔ ይዞ ነው። በእነዚህ ሁለት ዘመቻዎች መካከል ያለው ርቀት ለእኔ የአፍሪካ የጋራ መከላከያ ታሪክ ዋና ምዕራፍ ነው።

የቀረው ምዕራፍ ብዙ ወረቀት አለው። በግንቦት 1955 አዲስ አበባ ላይ ንክሩማ የጋራ የአፍሪካ የጦር አዛዥነት እንዲቋቋም ጠየቁ፤ የተገኘው አንድ የመከላከያ ኮሚሽን ነበር። ጥር 23 ቀን 1997 ዓ.ም. በአቡጃ የአፍሪካ ኅብረት ያለመጠቃቃትና የጋራ መከላከያ ቃል ኪዳን ጸደቀ። አንብቡት፤ ቃላቱ ከጄኔቭ ቃላት አያንሱም። የማነሣው ጥያቄ ግን ከአፋፉ ሥር ሆኜ ነው፦ ስንቁ ከየት ይመጣል፣ በማን ትከሻ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነውን ከእናንተ መካከል በቤተሰቡ የደረሰበት አለ፤ ስለዚህ አሳጥራለሁ። ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ፣ የሙርሌ ተወላጆች ናቸው የተባሉ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። የአገራችን ጦር በጁባ ፈቃድ ወሰን ተሻግሮ ፍለጋ ገባ፤ ከልጆቹ የተመለሱ አሉ። ሁለት ጎረቤት መንግሥታት በውል የሚተያዩበት ወሰን ነበር፤ ሁለቱም የኢጋድ አባላት ናቸው። ይህ ክልል በዚያን ጊዜም፣ ከዚያም ወዲህ፣ ከመቶ ሺዎች የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ይዟል። በኩሌ፣ በጥርክዲ፣ በጄዊና በፑኝዶ ሰፈሮች ዙሪያ ያለው ገበሬ እንጨቱንና ውኃውን ይጋራል፤ ሲጠቃም ቀድሞ የሚጠቃው እርሱ ነው። የጋራ ጸጥታ ፖሊሲ አዲስ አበባ፣ ጁባና ናይሮቢ ላይ ይጻፋል፤ ክብደቱ የሚያርፈው ኢታንግና ጂካዎ ላይ ነው። የ1933 ተሸካሚና የዛሬው ተሸካሚ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፦ ሲሰላ ሁለቱም በወጪው ዓምድ ውስጥ ናቸው፤ ሲፈረም ግን ሁለቱም የሉም።

ስለዚህ ለታሪክ ትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች አንድ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። በዚህ ከተማ፣ በኢታንግ፣ በጊሎ ዳርና በደምቢ ዶሎ ከአያቶቻቸው ስለዚያ ክረምት የሰሙ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፦ ስለ ኮንጎዎቹ፣ ስለ መቃብር ቦታ፣ ስንቅ ስለ ተሸከሙና መንገድ ስለ መሩ ሰዎች። በአኝዋኛ፣ በኑዌርኛና በኦሮሞኛ መጠየቅ የሚችሉ ተማሪዎች እፈልጋለሁ፤ አማርኛ ብቻ የሚችለው ከሌላው ጋር ይጣመራል። መጀመሪያ የምንመዘግበው የሰውና የቦታ ስም ይሆናል፤ ትንታኔው ቆይቶ ይደርሳል። የወንዙ ሙላት ሳይመጣ፣ መንገዱ ገና ደረቅ ሳለ ብንጀምር ይሻላል። ስማችሁን መውጫው ላይ ባለው ወረቀት ጻፉልኝ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን መስማት እችላለሁ።